አንድ መምህር፣ ሦስት ፋይል፦ የትምህርት ዕቅድ፣ ነጸብራቅና ምርምር ለምን አይገናኙም?

በብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን አንድ መምህር ቢያንስ ሦስት ዓይነት ወረቀት ይይዛል። አንደኛው የትምህርት ዕቅዱ ነው፤ አይቶ የሚፈርምበት ኃላፊ አለው። ሁለተኛው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማኅደሩ ሲሆን "ምን ተማርኩ? ምን ላሻሽል?" የሚል የነጸብራቅ፣ ማለትም የራስን ሥራ መለስ ብሎ የማየት፣ መሙያ አለው። ሦስተኛው ተግባራዊ ምርምር፣ በመምህራን አጠራር አክሽን ሪሰርች ነው። ሦስቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ የሚያወሩትም ስለ አንድ ክፍል ነው። ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበባቸው ግን የተዋወቁ አይመስሉም። በዕቅዱ ላይ የከሸፈው ነገር በምርምሩ ውስጥ አይነሳም። ምርምሩ የደረሰበት ነገር በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ላይ አይታይም። ነጸብራቁ ደግሞ "ትምህርቱ በጥሩ ሁኔታ ተካሂዷል" ብሎ ያልፋል።

ሦስቱን ማገናኘት የሚችለው መሀል ላይ ያለው ነጸብራቅ ነው። መምህሩ ዕቅድ ሲያወጣ በልቡ የተማመነበት፣ በወረቀት ላይ ግን ያላሰፈረው ግምት አለ። ያን ግምት ከትምህርቱ በፊት መጻፍ፣ ከክፍል ሲወጡም በማስረጃ መጠየቅ ሂሳዊ ነጸብራቅ ይባላል። ይህ ከሌለ ዕቅዱ ቅጽ፣ ምርምሩም ሪፖርት ሆነው ይቀራሉ።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የመምህራን ትምህርት ሥርዓቱ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲከለስ ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም የራስን ሥራ መመርመርንና ተግባራዊ ምርምርን ከዋና ክፍሎቹ መካከል አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍም እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠራ፣ ሥራውም መተንተን፣ ማቀድ፣ መተግበርና መገምገም በሚል ዑደት እንዲሄድ ደንግጓል። በውጭው ዓለምም ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባለሙያ ሥራው ላይ እያለም ሆነ ከሥራው በኋላ እንዴት እንደሚያስብ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ የትምህርት ተመራማሪዎቹ አን ብራውንና አለን ኮሊንስ በየፊናቸው የትምህርት ምርምር ከቤተ ሙከራ ወጥቶ፣ ትምህርቱን እየነደፉና እያሻሻሉ በክፍል ውስጥ የሚካሄድ እንዲሆን ሐሳብ አቅርበዋል። ማዕቀፉም ሐሳቡም ስላለ ጉዳዩ የአሠራር ነው።

ዛሬ ይህን ማንሳት የሚያስገድድ ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ችግሩ ከ12ኛ ክፍል እንደማይጀምር ደግሞ ቀደም ብሎ ታውቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ፍኖተ ካርታው ወጥቷል፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም በ2015 ዓ.ም. በስፋት ሥራ ላይ ውሏል። አገር አቀፍ ውጤት ግን መምህሩ ሰኞ ጠዋት ምን ይቀይር እንደሆነ አይነግረውም። ያን የሚነግረው ከራሱ ክፍል የሚወጣ ማስረጃ ነው።

ፊደልን እንደ ምሳሌ

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የ1ኛ ክፍል የፊደል ትምህርትን እንውሰድ። መምህሯ ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ ልጆቹ በዜማ "ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ" እያሉ ይከተሏታል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ክፍሉ በሙሉ ድምፅ ይላል። በዕቅዱ ላይ ያለው ዓላማ "ተማሪዎች የ'ለ'ን ዘር ይለያሉ" የሚል ስለሆነ ዓላማው እንደተሳካ ይጻፋል።

ከዚህ ዕቅድ ሥር አንድ ያልተጻፈ ግምት ተኝቷል፦ መስመሩን በዜማ የሚል ልጅ ፊደሉን አውቆታል የሚል። ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የመጀመሪያው እርምጃ እንግዲህ እሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሦስት ነገር ይይዛል፤ ምን እንደማደርግ፣ ልጆቹ ምን ሲያደርጉ እንደማይ፣ ለምን እንዲያ ይሆናል ብዬ እንዳሰብኩ። "መስመሩን በየቀኑ አምስት ጊዜ ብናዜም፣ ልጆቹ ማንኛውንም ፊደል ለብቻው ሲያዩት ይሉታል፤ ምክንያቱም ድምፁና ቅርጹ በመደጋገም ይያያዛሉ።" ብዙ መምህራን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይጽፋሉ፤ ሦስተኛውን ይዘሉታል። የምርምር ዘሩ ያለው ግን በዚሁ "ምክንያቱም" ውስጥ ነው። እሱ ካልተጻፈ ትምህርቱ ቢሳካ ለምን እንደተሳካ፣ ቢከሽፍ ምኑ እንደከሸፈ አይታወቅም።

ቀጥሎ ማስረጃ ይሰበሰባል። ከካርቶን 21 ካርዶች ይቆረጣሉ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ከእያንዳንዱ ቤት (ከሰባቱ የድምፅ ቅርጾች ከእያንዳንዱ) ሦስት ሦስት ፊደል፣ ልጆቹ ከተማሯቸው የተለያዩ ዘሮች። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉንም መፈተን ስለማይቻል ከስም መጥሪያው በየአምስተኛው የሚገኙ 12 ልጆች ይወሰዳሉ። እጅ የሚያወጡትን መምረጥ አይገባም፤ እነሱ መልሱን ቀድመው ያውቁታል። የተመረጠው ልጅ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ በጎረቤቱ አይተካም፤ እስኪመጣ ይጠበቃል። ደጋግሞ የሚቀር ልጅ ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ያልደረሰው ልጅ ስለሆነ፣ እሱን መተካት ውጤቱን ሳይታወቅ ያሳምረዋል። ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በቀን አራት ልጅ፣ ሌሎቹ የጽሕፈት ልምምድ ሲሠሩ፣ ከ40 ደቂቃው ስምንቱን ብቻ ይወስዳል። በሦስት ቀን ያልቃል።

አመዘጋገቡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "ተሳስቷል" ብሎ ኤክስ ማድረግ ግማሹን መረጃ ይጥላል። ልጁ ያለውን ራሱን መጻፍ ነው። "ሚ" ተብሎ የቀረበለት ልጅ "ሙ" ካለ ዘሩን ያውቃል፣ ቤቱን አያውቅም። "ሊ" ካለ ደግሞ ቤቱን ያውቃል፣ ዘሩን አያውቅም። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ሦስተኛም አለ፤ "ሎ"ን አይቶ ዝም የሚል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በለሆሳስ "ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል…" ብሎ ሲያበቃ ጮክ ብሎ "ሎ!" የሚል ልጅ። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ፊደሉን አላነበበም፤ ከመስመሩ ራስ ተነስቶ ቆጥሮ ደረሰበት። እንዲህ ያለው መልስ በተለየ ምልክት ይመዝገብ፤ ምክንያቱም የመምህሯን "ምክንያቱም" በቀጥታ የሚነካው እሱ ነው።

ሲጠቃለል 252 መልስ ይገኛል፣ ለእያንዳንዱ ቤት 36። እነዚህ በሰባት ረድፍ ሠንጠረዥ ይደረደራሉ። ለምሳሌ ካዕብ ላይ 4 ስህተት፣ ሳድስ ላይ 17 ቢገኝ ልዩነቱ የሚናገረው ነገር አለው። 4 እና 6 ቢሆን ግን ምንም አይናገርም። በ12 ልጅ ላይ የተመሠረተ ቁጥር ትልቅ ልዩነትን ብቻ ነው የሚያሳየው። ከትንሽ ልዩነት ትልቅ መደምደሚያ ማውጣት በትምህርት ቤት ጥናቶች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ጉድለት ነው።

ሠንጠረዡን ይዞ መጠየቅ

አሁን ነጸብራቁ ይጀምራል። ተራ ነጸብራቅ "ተሳካ ወይስ አልተሳካም?" ብሎ ያቆማል። ሂሳዊው ወደ ሥሩ ይወርዳል፦ ምን አምኜ ነበር? ያንን እምነት ከየት አመጣሁት? ሌላ ምን ምክንያት ሊኖር ይችላል? ይህ ሠንጠረዥ ስለ የትኞቹ ልጆች ዝም ይላል?

"ሌላ ምን ምክንያት?" የሚለውን ለመመለስ የፊደሉን ጠባይ ራሱን ማየት ይጠይቃል። ካዕብ በአብዛኛው ከቀኝ ወገብ ላይ የወጣች ሰረዝ አለችው፤ ሉ፣ ቡ፣ ሱ። ኃምስ እግሩ ሥር ቀለበት አለው፤ ሌ፣ ቤ፣ ሴ። ሳድስ ግን አንድ ወጥ ምልክት የለውም፤ ል፣ ብ፣ ት፣ ን፣ ር እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ነው የሚለወጡት። ስለዚህ ስህተቱ ሳድስ ላይ ቢከማች ልጆቹ ደካማ ስለሆኑ ላይሆን ይችላል። ምልክት ፈልጎ ማንበብ የጀመረ ልጅ ምልክት የሌለበት ቦታ ደርሶ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ራብዕና ሳብዕንም እንይ። በባለ ሁለት እግር ፊደላት ሳ፣ ባ፣ ካ ቀኝ እግራቸው ይረዝማል፤ ሶ፣ ቦ፣ ኮ ደግሞ ግራው። ቅርጻቸው በመስታወት እንደታየ የተገለበጠ ነው። የ6 እና የ7 ዓመት ልጅ ግራና ቀኝን ገና እያደባለቀ ባለበት ዕድሜ ሳን ሶ ቢል የሚገርም አይደለም። በየመስመሩ ማዜም ደግሞ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አያመጣቸውም፤ በመካከላቸው ሴ እና ስ ይገባሉ።

"እምነቱን ከየት አመጣሁት?" የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ይወስደናል፤ ዜማው የመጣው ከዚያ ነውና። የቄስ ትምህርት ቤቱ ግን በሀሁ አያቆምም። ተማሪው ቀጥሎ አቡጊዳ ይገባል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ሰባቱም ከተለያየ ዘር፣ ሰባቱም ከተለያየ ቤት ናቸው። በመስመር ሸምድዶ የመጣ ልጅ እዚህ የሸመደደው አያዋጣውም። ከዚያ ቀጣዩን የንባብ ትምህርት፣ ፊደለ ሐዋርያን፣ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየጠቆመ ይቆጥራል። የቀድሞዎቹ የኔታዎች በትምህርቱ አነዳደፍ ውስጥ መፈተኛውን ጨምረው ነበር። ብዙ ዘመናዊ ክፍሎች ዜማውን ወስደው አቡጊዳውን ትተዋል፤ ይህ በእኛ እምነት በንባብ ትምህርታችን ላይ ከደረሱት ያልታወቁ ኪሳራዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ግኝት በመጠይቅ አይገኝም፤ የሚገኘው "ይህን አሠራር ማን፣ ለምን ዓላማ ሠራው?" ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ሠንጠረዡ ዝም የሚልባቸው ልጆች ጉዳይም አለ። ኦ ክላስ ሳይገቡ በቀጥታ 1ኛ ክፍል የገቡ ልጆች፣ እቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸው፣ ከኋላ ተቀምጠው ገበታው የማይታያቸው። ከ12ቱ ልጆች ስም አጠገብ እነዚህን ሦስት ነገሮች በምልክት መያዝ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስህተቱ በኋላ ወንበሮች ላይ ከተሰበሰበ ጉዳዩ የሥነ ዘዴ መሆኑ ቀርቶ የመቀመጫና የገበታው የፊደል መጠን ይሆናል።

ነጸብራቁ በዚያው ቀን መጻፍ አለበት፤ 15 ደቂቃና ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ዓርብ ከሰዓት የአምስቱን ቀን አንድ ላይ የሚጽፍ ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻውን ነው። መጨረሻው ካማረ መሀሉ ላይ የተንተባተበው ልጅ ይረሳል።

ከዚያ ማሻሻያው ይመጣል፤ አንድ ነገር ብቻ መቀየር አለበት። ለምሳሌ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አሥር ደቂቃ ሳ–ሶ፣ ባ–ቦ፣ ካ–ኮ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀርባሉ፤ ልጆቹ የረዘመውን እግር በጣታቸው ይከተላሉ። በዚያው ጊዜ ካርድም፣ የቡድን ሥራም፣ የቤት ሥራም ከተጨመረ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ሁለተኛው ፈተና በሌሎች 21 ካርዶች ይካሄዳል፤ በፊተኞቹ ከሆነ ልጆቹ ካርዱን ራሱን አስታውሰው ሊሆን ይችላል። ከጎን ክፍልም 12 ልጅ በሁለቱም ጊዜ በነዚያው ካርዶች ይታያል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘለል፣ ግን ትልቁን ስህተት የሚከላከል እርምጃ ነው። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ልጆች ምንም ቢደረግ ባይደረግ የሆነ ነገር ይማራሉ። የመምህሯ ክፍል 1ኛ ሀ በራብዕና በሳብዕ ላይ ከ17 ስህተት ወደ 9 ቢወርድ፣ ምንም ያልተቀየረበት 1ኛ ለ ደግሞ ከ16 ወደ 10 ቢወርድ፣ ለውጡን ያመጣው ጥንዱ ነው ማለት አይቻልም።

የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ትልቁ ብልሽት ከርዕስ ይጀምራል። በየትምህርት ቤቱ የሚቀርቡ አክሽን ሪሰርቾች አብዛኛውን ጊዜ "የተማሪዎች የንባብ ክሂል ማነስ መንስኤና የመፍትሔ ሐሳብ" ዓይነት ርዕስ አላቸው። መጠይቅ ይበተናል፤ መምህራንና ወላጆች መንስኤው ምን ይመስልዎታል ተብለው ይጠየቃሉ፤ መልሱ በመቶኛ ይሰላል። መጨረሻ ላይ ወላጆች ክትትል እንዲያደርጉ፣ ወረዳው መጽሐፍ እንዲያቀርብ ይመከራል። ይህ የአስተያየት ጥናት ነው። የመምህሩ የራሱ ትምህርት አልተነካም፣ ማክሰኞ ዕለት ክፍሉ እንደ ሰኞው ነው። ተግባራዊ የሚያሰኘው ተግባሩ ነበር። ጥፋቱን በመምህሩ ላይ ማሳበብ አይገባም፤ የተሰጠው ቅርጽ የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፍ ቅርጽ ስለሆነ ባዶ ቦታዎቹን ሞላ። ምዕራፍ ሁለት ላይ "ተዛማጅ ጽሑፎች" እንዲሞላ የተጠየቀ ሰው ካርድ ለመቁረጥ ጊዜ አይተርፈውም።

ሌላው ከምዘና ጋር መያያዙ ነው። የነጸብራቅ ማስታወሻው የሥራ አፈጻጸም ነጥብ በሚሰጠው ኃላፊ እጅ ከገባ ማንም "ከ36 17 ተሳሳቱ" ብሎ አይጽፍም። በየማኅደሩ "85 በመቶ የሚሆኑ ተማሪዎች ትምህርቱን ተረድተዋል" የሚል ዓረፍተ ነገር የሚበዛው ለዚህ ነው፤ 85ቱ ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ የለም፣ የሚያሳይ ወረቀትም የለም። ርዕሰ መምህራን ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ፦ ማስታወሻውን የመምህሩ የግሉ ማድረግ፣ ለምዘና የሚቀርበውን ደግሞ ዑደቱ መካሄዱን በሚያሳየው ሠንጠረዥና በተቀየረው ዕቅድ መወሰን። ነጥቡ ለውጤቱ ማማር ሳይሆን ዑደቱን እስከ መጨረሻው ለመሄድ ይሰጥ።

የሥራ ባልደረባ ምልከታም እንዲሁ ይበላሻል። "ጥሩ ነበር፣ በርታ" ይባባላሉ፤ ይሉኝታ አለ። መፍትሔው ለተመልካቹ የሚቆጥረው ነገር መስጠት ነው። "ትምህርቴን ተመልከትልኝ" ከማለት "በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ ከኋላ ሦስት ረድፎች ስንት ልጅ ፊደል ለብቻው አነበበ፣ ቁጠርልኝ" ማለት። ቁጥር የሚያመጣ ሰው አይሳቀቅም፣ ተቀባዩም አይቀየምም።

ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተመራማሪዎች ድርሻም አለበት። ያለቀለት ንድፍ ይዘው ይመጣሉ፤ መምህሩ ተግባሪ ይሆናል፤ መረጃው ተሰብስቦ ይሄዳል። ዓይነተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ይህ ለምን በዚህ ክፍል እንዲህ ሆነ የሚለው፣ ክፍሉን በሚያውቀው ሰው ፊት ሳይነሳ ይቀራል። ከመምህሩ ጋር ሠንጠረዡን አንድ ሰዓት አብሮ ማንበብ ብቻውን ብዙ ያስተካክላል። በማንኛውም ሁኔታ የልጆች ስም በመለያ ቁጥር ይተካል፣ ውጤቱ ከትምህርት ቤቱ የሚወጣ ከሆነም የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል።

60ውን ሰዓት ማከፋፈል

ጊዜ የለም የሚለው እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ በተለይ በሁለት ፈረቃ በሚሠሩ ትምህርት ቤቶች። ሒሳቡን ግን እንሥራ። ግምቱን መጻፍና ካርድ ማዘጋጀት 3 ሰዓት፣ ሁለቱም ፈተናዎች ከጎን ክፍሉ ጋር 2 ሰዓት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ለሦስት ሳምንት 4 ሰዓት ገደማ፣ ከባልደረባ ጋር ሁለት ጊዜ መቀመጥ 2 ሰዓት፣ መጻፍ 3 ሰዓት። አንድ ዑደት 14 ሰዓት ያህል ነው። በዓመት አራት ዑደት 56 ሰዓት ይሆናል፤ ማለትም ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ አስቀድሞ በተመደበው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ተጨማሪ ሸክም የሚሆነው ሦስቱ ፋይሎች ተነጣጥለው ሲያዙ ነው። በአራቱ ዑደቶች ላይ የሚሄድ አንድ መዝገብ ዕቅዱንም፣ ነጸብራቁንም፣ ምርምሩንም ይሸፍናል።

ጽሑፉ ከአምስት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ምን ገምቼ ነበር፣ ምን አየሁ፣ ምን ቀየርኩ፣ ሁለተኛ ጊዜ ምን አየሁ፣ የማይሠራው የት ነው። የከሸፈው ሙከራ ሳይቆረጥ ይግባ፤ ለሚቀጥለው መምህር ከተሳካው እኩል ይጠቅማል። ማጠቃለያው "ወላጆች ሊከታተሉ ይገባል" የሚል ምክር መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሰው ወስዶ ሊሞክረው የሚችል ሐሳብ ይሁን፦ "60 ልጅ ባለበት የ1ኛ ክፍል፣ የተገለባበጡ ራብዕና ሳብዕ ፊደላትን ጥንድ አድርጎ ማሳየት መምታታቱን ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ልጁ የትኛው እግር እንደረዘመ እንዲያይ ያስገድደዋል። በሳድስ ላይ ግን ለውጥ አላመጣም።"

ከዚያ በኋላ ያለው የክላስተሩ፣ ማለትም የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስቡ፣ ሥራ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ያችን አንድ አንቀጽና 21ዱን የካርድ ዝርዝር ለሌሎቹ የክላስተሩ ትምህርት ቤቶች ያደርሳል፤ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ሦስት ወይም አራት መምህራን በየክፍላቸው ይሞክሩታል። ስህተቱ በአንድ ክፍል ብቻ ከታየ የዚያ ክፍል ጉዳይ ነው። በአራቱም ትምህርት ቤቶች ሳድስ ላይ ከተከማቸ ግን መምህር ብቻውን የሚፈታው አይደለም፤ የተማሪው መጽሐፍ ሳድስን በምን ቅደም ተከተልና በስንት ገጽ እንዳቀረበ መታየት አለበት። የመጀመሪያ ደረጃ መጽሐፍ የሚዘጋጀው በክልል ስለሆነ፣ አራቱ ሠንጠረዦች በአንድ ደብዳቤ ተያይዘው ወደ ክልሉ ትምህርት ቢሮ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች መሄድ አለባቸው፤ መጽሐፉ እንደገና ከመታተሙ በፊት።